ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ስለ ጦር ጨዋታ ታሪክና ስለ አዲስ ተጫዋች ዝግጅት



«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለዘማችና ለመንገደኛ ብቻ የተነገረ ይመስላል። ዳሩ ግን በጨዋታ ጠረጴዛ ዙሪያ ለሚቆም ሰው እንኳ የሚስማማ መሆኑን ዛሬ በዚህ አጭር ንግግር ላስረዳችሁ አስቤአለሁ። ነገሩ የጦር ጨዋታ ነው፤ ይኸውም የጣት ቁመት በሚያህሉ የወታደር ምስሎች፣ በመለኪያና በዳይስ፣ ኮረብታና ፍርስራሽ በተሠራበት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰዎች የሚያደርጉት የሠራዊት ግጥሚያ ነው። በኤውሮፓና በአሜሪካ ለዚህ ጨዋታ ብዙ ሰው የሚሰበሰብባቸው ውድድሮች ይደረጋሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውድድር የሚገባ አዲስ ተጫዋች አስቀድሞ የሚጠይቀው «እንዴት አድርጌ ላሸንፍ?» ብሎ ነው። የጨዋታውን ታሪክ የመረመረ ሰው ግን ትክክለኛው ጥያቄ ሌላ መሆኑን ይረዳል፤ እርሱም «ሽንፈቴን አስቀድሜ የት ላግኘው?» የሚል ነው። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አድማጮች እንዲያስተውሉልኝ እለምናለሁ።

ለእኛ አገር ሰው ጦርን በገበታ ላይ መጫወት እንግዳ ነገር አይደለም። በቀድሞ ዘመን በመኳንንቱ ቤት ይዘወተር የነበረው ሰንጠረዥ ንጉሥና ፈረስ ያለው የጦር ጨዋታ ነው። በአገራችን ሰንጠረዥ ደግሞ ወረራ የሚባል ልዩ ሥርዓት ነበረ። በወረራው ጊዜ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን እንደ ፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ፤ አንደኛው የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስም አሰላለፋቸውን ያበጃሉ፤ የተቃዋሚያቸውንም አሰላለፍ እያዩ የራሳቸውን ይለውጣሉ። እንግዲህ ጨዋታው የሚፈረደው ገና አንድ ጠጠር ሳይወድቅ በዝግጅቱ ጊዜ ነው ብሎ መናገር ለሰንጠረዥ ዐዋቂዎች አዲስ ትምህርት አይሆንም።

በጀርመን አገር በብራውንሽቫይክ ከተማ ዮሐን ክርስቲያን ሉድቪግ ሄልቪግ የሚባል የሒሳብ መምህር ነበረ። ይህ ሰው የጦርን ጥበብ ለወጣቶች በሚገባ መንገድ ለማስተማር አስቦ በ1780 ዓ.ም. ከቼስ የተወለደ አዲስ ጨዋታ አሳተመ። የቼስ ገበታ 64 ቤት ብቻ ሲኖረው፣ የሄልቪግ ገበታ ግን 1,617 ቤት ነበረው። ቤቶቹም በልዩ ልዩ ቀለም የተቀቡ ሆነው አንዱ ተራራን፣ አንዱ ረግረግን፣ አንዱ ውሃን ያመለክታል። በዚህም የምድሩ አቀማመጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የጨዋታው ተካፋይ ሆነ ለማለት ይቻላል። ነገር ግን የሄልቪግ ጨዋታ ከቼስ የወረሰው ጉድለት ነበረበት። ወታደር በእውነተኛው ዓለም ከቤት ወደ ቤት እየዘለለ አይሄድም፤ የሚሰነዝረውም ምት ሁሉ አይገድልም።

ይህን ጉድለት ለማቃናት የተነሡት አባትና ልጅ ናቸው። አባትየው ጌኦርግ ሌኦፖልድ ፎን ራይስቪትስ የፕሩስያ ባላባት ሲሆን፣ በ1812 ዓ.ም. ለንጉሥ ፍሬድሪክ ቪልሄልም ሦስተኛ መሳቢያ ያለው ትልቅ ጠረጴዛ ሠርቶ አቀረበ። በመሳቢያዎቹ ውስጥ ኮረብታ፣ መንገድ፣ ወንዝና መንደር የተቀረጸባቸው ጡቦች ተቀምጠው ነበር፤ እነርሱንም እያገጣጠሙ የፈለጉትን አገር ለመሥራት ይቻል ነበር። የንጉሡ ልጆች በጨዋታው እጅግ ተደሰቱ። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ጠረጴዛ የቤተ መንግሥት ጌጥ ከመሆን አልፎ ለሠራዊቱ ሁሉ ሊዳረስ አይችልም ነበር።

ልጁ ጌኦርግ ሃይንሪኽ ሩዶልፍ ፎን ራይስቪትስ የመድፈኛ ጦር መቶ አለቃ ነበረ። እርሱም የአባቱን ጠረጴዛ ትቶ ሥራውን በወረቀት ካርታ ላይ አደረገ፤ ደንቡንም በ1824 ዓ.ም. አሳተመ። ካርታው አንዱ እጅ ስምንት ሺሕ እጅ የሚወክልበት ሲሆን፣ ሠራዊቱ በቀይና በሰማያዊ ቀለም በተቀቡ ትንንሽ የብረት ቁራጮች ይመሰል ነበር። አንዱ ተራ የ2 ደቂቃ ውጊያ ሆኖ ተቈጠረ። የተኩስ ውጤት የሚታወቀው ዳይስ ተጥሎ በሠንጠረዥ ሲመዘን ነው፤ ስለዚህ ጥሩ ዕቅድ ያለው ሰው እንኳ በዕድል ሊጐዳ ይችላል። ከሁሉ የሚበልጠው አዲስ ነገር ግን የዳኛው ሥልጣን ነው። ተጫዋቾቹ ትእዛዛቸውን ጽፈው ለዳኛው ይሰጣሉ፤ ዳኛውም ዐይናቸው ሊያይ የሚችለውን ያህል ብቻ በካርታው ላይ ያሳያቸዋል። ከኮረብታው በስተጀርባ ያለውን ጠላት አያዩትም። ጨዋታው ሲፈጸም ዳኛው ሁሉንም ሰብስቦ ማን በምን እንደ ተሳሳተ ያስረዳል።

በዚያን ጊዜ የፕሩስያ የጦር ኤታ ማዦር ሹም የነበረው ጄኔራል ፎን ሚውፍሊንግ ጨዋታውን እንዲመለከት በተጋበዘ ጊዜ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ፊት ተቀበለው ይባላል። ጨዋታው እየገፋ ሲሄድ ግን ሐሳቡ ተለወጠና ይህ ለመላው ሠራዊት የሚጠቅም የጦር ትምህርት ነው በማለት በሠራዊቱ ጋዜጣ አመሰገነው። ወጣቱ መኰንን ግን የሥራውን ፍሬ ለማየት አልታደለም፤ በ1827 ዓ.ም. በገዛ እጁ ሞተ። ፕሩስያ በ1870 እና በ1871 ፈረንሳይን ድል ካደረገች በኋላ ሌሎች መንግሥታት የዚህን ሠራዊት የአሠለጣጠን ምስጢር መፈለግ ጀመሩ፤ ከዚያም የጦር ጨዋታ በየአገሩ ተስፋፋ።

ጨዋታው ከጦር ትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ተራው ሰው ቤት እንዲገባ ካደረጉት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ደራሲ ኸርበርት ጆርጅ ዌልስ ነው። በ1893 ዓ.ም. ዊልያም ብሪተን የሚባለው የእንግሊዝ የመጫወቻ ፋብሪካ ውስጡ ክፍት የሆነ ርካሽ የእርሳስ ወታደር መሥራት ጀምሮ ነበር። ዌልስ እነዚህን ወታደሮች በወለል ላይ እየደረደረ፣ የእንጨት ጥይት በሚተኩስ የመጫወቻ መድፍ እየመታ፣ የእያንዳንዱን ተራ ጊዜ በሰዓት እየለካ የሚጫወትበትን ደንብ በ1913 ዓ.ም. «ትንንሽ ጦርነቶች» በሚል መጽሐፍ አወጣ። በመጽሐፉም ይህን ጨዋታ ጥቂት ጊዜ የሞከረ ሰው ታላቁ ጦርነት ምን ያህል ታላቅ ስሕተት እንደሚሆን ይገባዋል የሚል አሳብ ገለጸ። በሚቀጥለው ዓመት በ1914 የኤውሮፓ መንግሥታት እውነተኛውን ጦርነት ጀመሩ። በጠረጴዛ ላይ የወደቀ የእርሳስ ወታደር ማታ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል፤ በዚያ ጦርነት የወደቁት ሚሊዮኖች ግን አልተመለሱም።

አሁን ደግሞ ወደ ንግግሬ ዋና ነገር እመጣለሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በ1942፣ በሁለት የዓለም ዳርቻ የተደረጉ ሁለት የጦር ጨዋታዎችን አነጻጽራለሁ።

የመጀመሪያው በሜይ ወር ያማቶ በተባለችው የጃፓን ታላቅ የጦር መርከብ ላይ የተደረገው ነው። የጃፓን ባሕር ኃይል በሚድዌይ ደሴት ላይ ሊያደርገው ያሰበውን ዘመቻ መኰንኖቹ በገበታ ላይ ሞከሩት፤ የጨዋታው የበላይ ተቈጣጣሪም አድሚራል ኡጋኪ ነበረ። ከዳኞቹ አንዱ የነበረው መኰንን ከጦርነቱ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ተረከው፣ የአሜሪካ አይሮፕላኖች በጃፓን መርከቦች ላይ አደጋ ጣሉ ተብሎ ዳይሱ ሲጣል 9 ቦምብ መታ፤ አካጊና ካጋ የተባሉት አይሮፕላን ተሸካሚ መርከቦችም ሰጠሙ ተብሎ ተፈረደ። ኡጋኪ ግን ይህን ፍርድ አልተቀበለም። ዘጠኙን ወደ 3 ዝቅ አደረገው፤ አካጊ ጥቂት ተጐዳች እንጂ አልሰጠመችም አለ። ካጋንም ቢሆን ከቀጠለው ጨዋታ ውስጥ ከባሕር አስነሥቶ እንደገና አሰለፋት። በጁን 4 ቀን 1942 እውነተኛው ውጊያ በተደረገ ጊዜ አካጊና ካጋ በአሜሪካ ቦምብ ተቃጠሉ፤ ከእነርሱም ጋር ሶርዩና ሂርዩ ተጨምረው አራት ተሸካሚ መርከቦች ጠፉ። የጃፓን ሽንፈት ከዚህ ጨዋታ ብቻ የመጣ ነው ማለት አይቻልም፤ ሌሎች ብዙ ምክንያቶች ነበሩ። ነገር ግን ጠረጴዛው የተናገረውን ላለመስማት ዳይስን የሚያርም ሰው የራሱን ጆሮ እንደ ደፈነ ይቈጠራል።

ሁለተኛው ጨዋታ የተደረገው በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ለእንግሊዝ ምግብና መሣሪያ የሚያመላልሱትን የንግድ መርከቦች ቅፍለት በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ይፈጁት ነበር። በጃንዋሪ 1942 ጊልበርት ሮበርትስ የሚባል፣ በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት ከባሕር ኃይል ተሰናብቶ የነበረ መኰንን፣ ለዚህ ነገር መላ እንዲፈልግ ታዘዘ። የተሰጡት ረዳቶች አብዛኞቹ ከባሕር ኃይል የሴቶች ክፍል የመጡ፣ ሃያ ዓመት ገደማ የሆናቸው ወጣቶች ነበሩ። ባሕር ላይ ተዋግተው አያውቁም።

እነዚህ ሰዎች የአንዱን ሰፊ ክፍል ወለል እንደ ባሕር አድርገው መሥመር አሰመሩበት፤ ትንንሽ የመርከብ ምስሎችንም አኖሩበት። የአጃቢ መርከቦች አዛዦች የሆኑት ተጫዋቾች ከሸራ መጋረጃ በስተኋላ ቆመው በጠባብ ቀዳዳ ብቻ ይመለከታሉ። የአጃቢዎቹ መንገድ በነጭ ጠመኔ ሲሰመር የሰርጓጁ መርከብ መንገድ በቀዳዳው በኩል ሊታይ በማይችል አረንጓዴ ጠመኔ ይሰመር ነበር። ሮበርትስና ረዳቶቹ በእውነት የደረሱትን አደጋዎች በወለሉ ላይ እንደገና በተጫወቱ ጊዜ አንድ ነገር ተገለጠላቸው። የእንግሊዝ መኰንኖች ጠላት ከቅፍለቱ ውጭ ሆኖ ይተኩሳል ብለው ያምኑ ነበር። ወለሉ ላይ ሲሞከር ግን በመካከል ያሉት መርከቦች እንደዚያ ሊመቱ አይችሉም፤ ስለዚህ ሰርጓጁ በሌሊት ከኋላ ገብቶ በመርከቦቹ መካከል ሆኖ ይተኩስ ነበር ማለት ነው። ከዚህም ተነሥተው አጃቢዎቹ ወደ ቅፍለቱ ኋላ ተመልሰው ጠላትን የሚፈልጉበትን አዲስ ሥርዓት አወጡ፤ ከረዳቶቹ አንዷ ዣን ሌድሎ «ራስቤሪ» የሚል ስም አወጣችለት።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ መኰንኖች እየመጡ በወለሉ ላይ ተማሩ፤ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ድረስ ቍጥራቸው ወደ 5,000 ተጠጋ። በ1942 መጨረሻ የምዕራቡ ባሕር አዛዥ ሆኖ የተሾመው አድሚራል ማክስ ሆርተን በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ራሱ የሰርጓጅ መርከብ አዛዥ የነበረ ሰው ነው። እርሱም ሰርጓጁን ሆኖ ሊሞክራቸው ተነሣ፤ አጃቢዎቹን ይመራ የነበረው ተጫዋችም ደጋግሞ አሸነፈው። አሸናፊው ማን እንደ ሆነ ሲጠይቅ ጃኔት ኦኬል የተባለች ወጣት ሴት መሆኗን ዐወቀ ይባላል። አድሚራሉ ሽንፈቱን አልሰረዘም፤ ትምህርት ቤቱንም አልዘጋም።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ በያማቶ ላይ የነበሩት የብዙ ዓመት ልምድ ያላቸው መኰንኖች ናቸው። በሊቨርፑል የነበሩት ወጣቶች ደግሞ ለሥራው አዲስ ነበሩ። ልዩነታቸው ታዲያ በምን ላይ ነው? አዲሶቹ ከጠረጴዛው ለመማር ተዘጋጅተው ነበር፤ ልምድ ያላቸው ግን ጠረጴዛው አሳባቸውን እንዲያጸድቅላቸው ብቻ ይፈልጉ ነበር። በእኔ አስተያየት አዲስ ተጫዋች መሆን ጉድለት ብቻ ሳይሆን ዕድልም ነው የምለው ስለዚህ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ጨዋታው ወደ ሰላማዊው ሰው እጅ ተመለሰ። በ1962 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ዶናልድ ፌዘርስቶን ስለ ጦር ጨዋታ የጻፈው መጽሐፍ ብዙ ሰው አፈራለት። በ1969 ፊል ባርከርና ጓደኞቹ ስለ ጥንት ዘመን ሠራዊቶች የሚሆን ደንብ አወጡ። ደንብ አውጪዎችም ለእያንዳንዱ ወታደር እንደ ጥንካሬው የነጥብ ዋጋ መመደብን አስለመዱ፤ በዚህ ዐይነት በማይመሳሰሉ ሠራዊቶች የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች በእኩል ነጥብ ሊገጥሙ ቻሉ። ያለዚህ ብልሃት ውድድር ማድረግ ባልተቻለም ነበር። በ1975 በለንደን የተቋቋመው ጌምስ ወርክሾፕ የተባለው ድርጅት ደግሞ በ1983 «ዋርሃመር»ን፣ በ1987 «ዋርሃመር 40,000»ን አወጣ። ይህ ሁለተኛው በሩቅ ወደፊት ዘመን የሚደረግ ልብ ወለድ ጦርነትን የሚያሳይ ሲሆን፣ ዛሬ ትልልቅ ውድድሮች ከሚደረጉባቸው ጨዋታዎች አንዱ ነው።

አዲስ ተጫዋች በዚህ ጨዋታ ውድድር የሚገጥመውን ሥርዓት በአጭሩ ልግለጽ። በ2023 በወጣው የደንብ እትም እንደ ተለመደው፣ እያንዳንዱ ተጫዋች 2,000 ነጥብ የሚያወጣ ሠራዊት ይዞ ይቀርባል፤ የሠራዊቱንም ዝርዝር አስቀድሞ ለአዘጋጆቹ ይሰጣል። ጠረጴዛው ወደ 152 ሳንቲ ሜትር በ112 ሳንቲ ሜትር ነው። አንዱ ግጥሚያ 3 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በሁለት ቀን ውስጥም ብዙውን ጊዜ 5 ግጥሚያ ይደረጋል። የተሸነፈ ሰው ከውድድሩ አይባረርም፤ አሸናፊ ከአሸናፊ፣ ተሸናፊም ከተሸናፊ ጋር ይገጥማል። ስለዚህ በመጀመሪያው ግጥሚያ የወደቀ ጀማሪ ከሰዓት በኋላ አቻውን ያገኛል ማለት ነው።

እንግዲህ ዝግጅቱ እንዴት ይሁን? አንደኛ፣ ሠራዊቱን አስቀድሞ መርጦ መጽናት ይገባል። ጀማሪ በተሸነፈ ቍጥር ጥፋቱን በሠራዊቱ ላይ እያሳበበ አንዱን ክፍል በሌላ ሲለውጥ ይውላል፤ በመጨረሻም የትኛውንም ሳያውቅ ወደ ውድድር ይገባል። አንዱን ሠራዊት አሥር ጊዜ ያሰለፈ ሰው አሥር ሠራዊት አንዳንድ ጊዜ ካሰለፈ ሰው ይልቅ ይጠነክራል።

ሁለተኛ፣ ከሚበልጠው ሰው ጋር ደጋግሞ መጫወትና የተሸነፈበትን ምክንያት በደብተር መጻፍ ነው። ራይስቪትስ ዳኛውን ከጨዋታው በኋላ ያናገረው በከንቱ አይደለም። «ዳይሱ ከዳኝ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ምንም አልጻፈም። «ፈረሰኞቼን ያለ ደጋፊ አስቀድሜ ሰደድሁ፤ የግራውን ክንፍ ባዶ ተውሁ፤ ደንቡን ባለማወቄ አንድ መብቴን አሳለፍሁ» ብሎ የሚጽፍ ግን ያማቶ ላይ ያልተደረገውን አደረገ።

ሦስተኛ፣ የግጥሚያውን ዓላማ ማወቅ ነው። ነጥብ በብዛት የሚገኘው በጠረጴዛው ላይ ምልክት የተደረገባቸውን ቦታዎች በመያዝ ነው። ጀማሪ ግን የጠላትን ምስል በመግደል ደስ ይለውና እየተከታተለ ሲገድል ቦታውን ለባላጋራው ይለቅለታል። ብዙ ገድሎ የተሸነፈ ተጫዋች በየውድድሩ ይታያል። የሊቨርፑል አጃቢዎችም ሥራ ሰርጓጅ ማባረር ብቻ አልነበረም፤ ቅፍለቱን በደኅና ማድረስ ነበር እንጂ።

አራተኛ፣ ጊዜን መለማመድ ነው። በቤቱ 5 ሰዓት እየተጫወተ የለመደ ሰው በ3 ሰዓት ሲወሰን ግጥሚያው ሳያልቅ ሰዓቱ ያልቅበታል፤ በዚህም ራሱን ብቻ ሳይሆን ተጋጣሚውንም ይጐዳል። ስለዚህ በቤት ሰዓት አስቀምጦ መጫወት ይበጃል።

አምስተኛ፣ ምስሎቹን አስቀድሞ ቀብቶ መጨረስ ነው። በጠቀስሁት ደንብ ሠራዊቱን በሙሉ ቀብቶ ያቀረበ ተጫዋች ከ100 ነጥብ ውስጥ 10 ነጥብ ለዚሁ ብቻ ያገኛል። ይህ ዳይስ የማይነካው ነጥብ ነው። ይሁን እንጂ በዋዜማው ሌሊት ብሩሽ ይዞ የሚያድር ሰው ዐሥሩን ነጥብ ቢያገኝም በማግሥቱ እንቅልፍ አጥቶ ከዚያ የሚበልጥ ይጥላል። ሲሮጡ የታጠቁት ይህ ነው። የተሰበረ ምስል የሚጠግንበትን ማጣበቂያ፣ መለኪያውን፣ ዳይሱን፣ የደንቡን መጽሐፍ፣ ውሃና ምሳውንም በዋዜማው በአንድ ሣጥን ያኑር።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ጠባይ ነው። ከግጥሚያው በፊት የተጋጣሚን ሠራዊት «ይህ ምን ያደርጋል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ምስሉን ሲያንቀሳቅስም አሳቡን ጮክ ብሎ ይናገር፤ «ከዚህ ግድግዳ ኋላ አቆምኋቸው፤ ከዚያ እንዳይታዩ ነው» ይበል። እንዲህ ሲሆን በኋላ ክርክር አይነሣም። ዳይስ ከጠረጴዛ ቢወድቅ እንዴት እንደሚቈጠር አስቀድመው ይስማሙ። ክርክር ቢነሣ ዳኛ ይጥሩ፤ ፍርዱንም ይቀበሉ። የጦር ጨዋታ የቆመው ተጫዋች ሊቈጣጠረው በማይችለው በዳኛና በዳይስ ላይ ነው፤ እነርሱን የሚያጣምም ሰው ጨዋታውን አላሸነፈም፤ አፈረሰው እንጂ።

ከዚህ ሁሉ ዝግጅት በኋላ አዲሱ ተጫዋች በውድድሩ ምናልባት ሁለት ጊዜ አሸንፎ ሦስት ጊዜ ይሸነፋል። ይህ አያሳፍርም። በእውነተኛ ጦር አንድ ስሕተት ለማወቅ የሚከፈለው ዋጋ የሰው ነፍስ ነው፤ በጠረጴዛ ላይ ግን አንድ ከሰዓት በኋላና ጥቂት ትዕግሥት ብቻ ነው። ሊቨርፑል ውስጥ በጠመኔ የተሠመረው ወለል ስሕተት በርካሽ ዋጋ የተሸመተበት ገበያ ነበረ፤ በዚያም የተማሩት መኰንኖች ብዙ መርከበኞችን ወደ ቤታቸው መለሱ። እንግዲህ ሽንፈቱን አስቀድሞ በጠረጴዛ ያገኘ፣ አግኝቶም ያልሰረዘ ሰው፣ ቀበቶውን ቆሞ ታጥቋልና ሲሮጥ አይፈታበትም።